ከሰማዩ በፊት መሬቱ

ዱባይ የአዲስ ዓመት ዋዜማን ያሳለፈ ወይም አሜሪካ በነፃነት ቀኗ በጁላይ 4 ምሽት ከልጆቹ ጋር ወንዝ ዳር የተቀመጠ ሰው ርችት ሲፈነዳ ቀና ብሎ ያያል፣ ይደነቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን አንዳንድ ወጣት ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ይህን የሚሠሩት እነማን ናቸው? እኔስ በየት በኩል ልግባበት? ጥያቄው ሊከበር የሚገባው ነው። ሙያው አለ፣ ገበያው አለ፣ የሰው ኃይልም ይፈልጋል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ሙያውን ቁልፍ መጫን አድርጎ ስለሚያስበው ነው። ዓይኑ ሰማይ ላይ ቀርቷል፤ ሥራው ግን ያለው መሬት ላይ ነው። ይህን የሚያሳይ፣ በአሜሪካ ርችት በመሥራት ከሚታወቀው ከግሩቺ ቤተሰብ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላንዜታ የሚባል ቤተሰብ በደቡብ ጣሊያን፣ በባሪ አካባቢ ርችት ሲሠራ ኖሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙያውን ይዞ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። እውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ ቆየና በ1923 አንቶኒ ላንዜታ ዕድሜው ሃያ እንኳ ያልሞላውን ፊሊክስ ግሩቺን ከጎኑ አድርጎ ማስተማር ጀመረ። አንቶኒ የፊሊክስ አጎት ነበር። በዚያ ዘመን በጣሊያኖቹ ዘይቤ አንድ ሼል ለመሥራት፣ ማለትም ከቱቦ ተወንጭፎ አየር ላይ የሚፈነዳውን ጥቅል ለማዘጋጀት፣ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው ከእሳት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ወረቀት መቁረጥ፣ በሙጫ እየለበጡ መጠቅለል፣ ክር መጠምጠም፣ ማድረቅ፣ እንደገና መለበጥ ነው። ክሩ በአንድ በኩል ጠብቆ በሌላ በኩል ከላላ ሼሉ በደካማው ጎኑ ይፈነዳል፤ አበባው ሰማይ ላይ ተንጋዶ ይወጣል። ስለዚህ የሰማዩ ውበት የሚወሰነው ከሳምንታት በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሰው ክሩን በጠመጠመበት እጅ ነው።

ፊሊክስ በኋላ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ቤተሰቡ ዛሬም በኩራት የሚያነሣው አንዱ ያለ ክር የሚሠራ ሼል ነው። ክር ያለው ሼል ሲፈነዳ እየነደደ የሚወርድ ቁርጥራጭ ይበትናል፤ ከታች ደግሞ ሰው አለ። የፊሊክስ መፍትሔ ለሰማዩ አዲስ ቀለም የሚጨምር አልነበረም። ወደ ተመልካቹ ራስ የሚወርደውን ፍም የሚቀንስ ነበር። ጀማሪ ሰው የአንድን ባለሙያ ትልቅነት በምን ልለካ ቢለኝ ይህን ነው የምጠቁመው።

ዝናው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1979 ግሩቺዎች በሞናኮ፣ በሞንቴ ካርሎ ዓለም አቀፍ የርችት ውድድር ቀርበው የመጀመሪያውን ደረጃ አገኙ፤ ከአሜሪካ ሄዶ ይህን ሽልማት ያገኘ ከእነሱ በፊት አልነበረም። ፊሊክስ ከአጎቱ ጎን ከተቀመጠ 56 ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥሪው ጎረፈ። በሜይ 24 ቀን 1983 የብሩክሊን ድልድይ መቶኛ ዓመት ሲከበር ርችቱን የተኮሱት እነሱ ነበሩ፤ ኒውዮርክ ከዳር እስከ ዳር ወጥታ አየች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል የሚያሰኝ ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 26፣ አሜሪካውያን የምስጋና ቀንን ካከበሩ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሎንግ አይላንድ ቤልፖርት የሚገኘው የቤተሰቡ ፋብሪካ ፈነዳ። ከፊሊክስ ልጆች አንዱ ጂሚ እና አንዲት የቤተሰቡ ዘመድ ሞቱ። ሕንፃዎቹ ወደሙ፣ በአካባቢው ያሉ የሰው ቤቶችም ተጎዱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። ከሕፃንነታቸው ባሩድ ሲሸታቸው ያደጉ፣ ከአራት ዓመት በፊት በዓለም አንደኛ የተባሉ፣ ከስድስት ወር በፊት በአገሪቱ ትልቁ ከተማ ላይ ያለ እንከን የተኮሱ ናቸው። ልምድ ከአደጋ ያድናል ብሎ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ካለ ይህን ቀን ይመልከት። ባሩድ የሠሪውን ሽልማት አይቆጥርም። አደጋ ሲደርስ ልምድ ከማይተካቸው ነገሮች የመጀመሪያው ርቀት ነው። ፋብሪካው ከመኖሪያ ቤቶች ርቆ ቢሆን፣ አንዱ ክፍል ከሌላው ቢራራቅ፣ በአንድ ቦታ የሚቀመጠው መጠን ቢያንስ፣ በአንድ ክፍል የሚሠራው ሰው ቢያንስ፣ አንድ ስህተት የሚወስደው ነገር ይወሰናል። ይህን ያልተማረ ሌላ አገርም ዋጋ ከፍሏል። በሜይ 13 ቀን 2000 በኔዘርላንድ ኤንሽኼዴ ከተማ በመኖሪያ ሰፈር መካከል የነበረ የርችት መጋዘን ፈንድቶ 23 ሰዎች ሞተዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ፈርሷል።

ግሩቺዎች ሙያውን መተው ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። እነሱ ግን ልጅ ቀብረው ተመለሱ። በጁላይ 4 ቀን 1986 የነፃነት ሐውልት መቶኛ ዓመት ሲከበር በኒውዮርክ ወደብ ላይ ከተኮሱት ሦስት ድርጅቶች አንዱ ነበሩ። ሌሎቹ ሁለቱ ከፔንስልቬኒያ የመጡት ዛምቤሊዎችና ከካሊፎርኒያ የመጣው የሱዛ ቤተሰብ ድርጅት ናቸው። ሦስቱም የቤተሰብ ድርጅቶች፣ ሦስቱም የስደተኛ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ከጣሊያን አንዱ ከፖርቱጋል። በሰው አገር ለሚኖር አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ዛሬ የግሩቺዎች ማምረቻ በቨርጂኒያ ራድፎርድ፣ የአሜሪካ ጦር የጥይትና የባሩድ ፋብሪካ ባለበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ይገኛል። በ2013 ማብቂያ ሌሊት ዱባይ ላይ 479,651 ርችት በስድስት ደቂቃ ውስጥ ተኩሰው በጊነስ መዝገብ ሰፈሩ። ያን ሌሊት ከባሕሩ ዳር ቆመው ያዩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ዛሬ የሚጀምር ሰው በየት ይጀምራል? በ1923 በሩ የአጎት ወርክሾፕ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሼል የሚመጣው ከቻይና፣ በተለይም በሁናን ግዛት ካለችው ከሊዩያንግ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው የሚገባው ከፋብሪካ በር ሳይሆን ከጭነት መኪናው ኋላ ነው። ትዕይንት የሚያቀርብ ድርጅት ለአንድ ምሽት ሥራ ቡድን ያሰማራል። በቡድኑ ላይ ፈቃድ ያለው ኃላፊ አለ፣ የቀሩት ረዳቶች ናቸው። ረዳትነት የሙያው አንደኛ ክፍል ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለም። ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች የተኳሽነት ፈቃድ የሚጠይቅን ሰው፣ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ሆነህ በትዕይንቶች ላይ ሠርተሃል ወይ ብለው ማስረጃ ይጠይቁታል።

የረዳት ቀን የሚጀምረው በጠዋት ነው። ሣጥን ማውረድ፣ የቱቦ መደርደሪያ መሸከም፣ መደርደሪያውን በምስማርና በእንጨት ማጠናከር፣ አሸዋ መሙላት። ሰው ይህን እንደ ጉልበት ሥራ አይቶ ሊንቀው ይችላል። ነገር ግን በ2013 ጁላይ 4 በካሊፎርኒያ ሲሚ ቫሊ አንድ መደርደሪያ ወድቆ ቱቦዎቹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ሼሎቹ ወደ ሰማይ መሄዳቸው ቀርቶ ወደ ተቀመጠው ሰው ሄዱ፤ ከሁለት ደርዘን በላይ ሰዎች ተጎዱ። ስለዚህ ጠዋት ላይ የሚመታው ምስማር፣ በመደርደሪያው ሥር የሚገባው የአሸዋ ከረጢት፣ የዚህ ሙያ ዋናው ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ሼሎቹ ይወጣሉ። አንድ ባለ ስድስት ኢንች ሼል በሁለት እጅ ይያዛል፤ ቡናማ ወረቀት የለበሰ፣ የትንሽ ዱባ ያህል፣ ከኪሎ በላይ የሚመዝን ነው። ከሥሩ የሚያወነጭፈው ባሩድ አለ። ከላዩ ፊውዝ የሚባለው ረጅም፣ በወረቀት የተሸፈነ ፈጣን የማቀጣጠያ ገመድ ይንጠለጠላል። ከውስጡ ደግሞ ባለሙያዎቹ ከዋክብት የሚሏቸው እንክብሎች ተደርድረዋል፤ ለቀይ የስትሮንሽየም፣ ለአረንጓዴ የባሪየም፣ ለሰማያዊ የመዳብ ውህዶች ይገባሉ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ሰማያዊው ነው፤ እሳቱ ከሚገባው በላይ ከጋለ ቀለሙን የሚሰጠው ውህድ ይፈርሳል። ጥሩ ሰማያዊ ርችት ያየ ሰው የአንድ ጥንቁቅ ሰው ሥራ አይቷል ማለት ነው።

ሼሉ ወደ ቱቦው ሲወርድ ፊውዙ ተይዞ በቀስታ ነው፤ አይወረወርም። እዚህ ላይ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሰማውና እስከ ጡረታው የማይረሳው ሕግ አለ፤ ጭንቅላትህን፣ እጅህን፣ የትኛውንም የሰውነትህን ክፍል ከተሞላ ቱቦ አፍ በላይ አታሳልፍ። ሼሉ ከገባ በኋላ ቱቦው ባዶ እንዳልሆነ ሁልጊዜ ማሰብ ነው፣ ቁልፉ የትም ይሁን። ልብሱም ቢሆን ጥጥ ይሁን ይባላል፤ ናይሎን ፍም ካረፈበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ሽቦ ይዘረጋል፣ የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያዎቹ አንድ በአንድ ከፊውዞቹ ጋር ይያያዛሉ፣ ቁጥራቸው ከመተኮሻው ሰሌዳ ቁጥር ጋር ይመሳከራል፣ በጣም ደካማ በሆነ ኤሌክትሪክ መስመሩ እንዳልተቋረጠ ይፈተሻል። መቶ ሽቦ ካለ መቶውም ይታያል። ተመልካቹ አንሶላ ሲያነጥፍ ረዳቱ ከጠዋት ጀምሮ በእግሩ ቆሟል።

ርቀቱም የሚለካው በዚሁ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 1123 በሚባለው ደንቡ፣ ለእያንዳንዱ የሼል ኢንች ተመልካቹ ቢያንስ 70 ጫማ ይራቅ ይላል። ባለ ሦስት ኢንቹ 210 ጫማ፣ ባለ ስድስት ኢንቹ 420 ጫማ፣ ባለ 12 ኢንቹ 840 ጫማ ባዶ መሬት ይፈልጋል ማለት ነው። ደንበኛው ሜዳው ትንሽ ሆኖ ትልቅ ሼል ሲመኝ፣ ወደ እኛ ጠጋ አድርጉት ሲል፣ የባለሙያው መልስ ከዚህ ስሌት ይወጣል። ጀማሪ ይህን ስሌት ከሁሉ በፊት በቃሉ ቢይዘው እመርጣለሁ። ሜዳው የሚፈቅደውን ትልቁን ሼል የሚያውቅ ረዳት፣ የሼሎቹን ስም ሁሉ ከሚያውቀው ይልቅ ለኃላፊው ይጠቅመዋል።

ስለ ቁልፉ ደግሞ ሳን ዲዬጎን እናንሣ። በ2012 ጁላይ 4 የከተማዋ ሕዝብ በወደቡ ዙሪያ ተሰብስቦ ወደ 18 ደቂቃ የሚጠጋ ትዕይንት ይጠብቅ ነበር። ባርጅ በሚባሉ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች ላይ የተጫነው በሺዎች የሚቆጠር ርችት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ በአንድ ላይ ተተኩሶ አለቀ። ሰው አልተጎዳም። በኋላ እንደተገለጸው የዋናው መተኮሻ ፋይልና የመጠባበቂያው ፋይል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀላቅለው ትእዛዙ ተበላሽቶ ነበር። የድርጅቱ ሰዎች የዓመታት ልምድ ነበራቸው፤ መጠባበቂያ ያዘጋጁትም ለጥንቃቄ ነበር። ኮምፒዩተር ስለማውቅ ከሌላው ቀድሜ እገባለሁ የሚል ወጣት አለ፤ እውነትም ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፣ ትዕይንቱ ከሙዚቃ ጋር በሰከንድ ክፍልፋይ የሚገጣጠመው በፕሮግራም ነው። ነገር ግን ያን ምሽት ጉዳት ያልደረሰው ርችቱ ከሰው ርቆ በውሃ ላይ ስለነበረ ነው። ፕሮግራሙ ሲሳሳት ሰውን ያዳነው ርቀቱ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። አሜሪካ ውስጥ ለትልልቅ ትዕይንት የሚውለው ርችት በፌዴራል ሕግ እንደ ፈንጂ ይቆጠራል። የሚነካው ሠራተኛ በድርጅቱ በኩል የማንነትና የወንጀል ምርመራ ያልፋል። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው አይገባም። ማሪዋና የሚጠቀም አይገባም፤ የሚኖርበት ግዛት ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አይፈቅድለትም። ለእኛ ሰው በተለይ መነገር ያለበት ደግሞ ይህ ነው፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ፈንጂ መያዝ አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ወንድም በቅን ልብ ሊረዳ ሄዶ ራሱንም ድርጅቱንም ችግር ውስጥ እንዳይከት ካርዱ እስኪደርስ ይታገሥ። እስከዚያ ደንቡን ማንበብ ማንም አይከለክለውም።

በሌላ በኩል ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት በእጃቸው የያዙት ቁልፍ አለ። አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ይህ የትዕይንት ርችት በየትኛውም መጠን ሲጓጓዝ መኪናው የአደገኛ ጭነት ምልክት ይለጥፋል፤ ሾፌሩም ሲዲኤል በሚባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃዱ ላይ ሃዝማት የሚባለው ተጨማሪ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ጁላይ 4 ሲቃረብ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ሾፌር በብርቱ ይፈልጋሉ። ሃዝማት ያለው ሰው በሾፌርነት ገብቶ፣ ሣጥኑን አውርዶ፣ ከሰዓት በኋላ ከቡድኑ ጋር ሽቦ ሊዘረጋ ይችላል። ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር በቀላሉ አይገኝም።

ትምህርት የሚፈልግም ማኅበር አለው። በአሜሪካ በ1969 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፓይሮቴክኒክ ማኅበር ለትዕይንት ተኳሾች ኮርስ ይሰጣል፤ በእንግሊዝም የብሪታንያ ፓይሮቴክኒሺያኖች ማኅበር ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ የወቅት ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዓመቱ ገቢ አብዛኛው ከጁላይ 4 ዙሪያ ካሉ ጥቂት ቀናት ይሰበሰባል፤ ረዳቱ በቀረው ወር መምህር፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ሾፌር ነው። ደመወዝ ፈልጎ የሚመጣ ቶሎ ይሄዳል። የሚቆየው ሥራውን የወደደ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እላለሁ፤ ማንም ሰው ባሩድ በቤቱ እየቀላቀለ ይህን ሙያ አይጀምር። ፊሊክስ ግሩቺ እንኳ ከአጎቱ ጎን ነበር የተቀመጠው። በወጥ ቤትና በጋራዥ የሚሞከር ነገር ጣት ይወስዳል፣ ዓይን ይወስዳል፣ ሕጉም በብርቱ ይቀጣል። ያን ያደረገን ልጅ ከዚያ በኋላ የሚቀጥረው ድርጅት የለም።

ትዕይንቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ መኪናውን ያስነሣል። ቡድኑ ጥቂት ይጠብቅና በባትሪ መብራት ሜዳውን ያስሳል፤ ወጥቶ ያልፈነዳ ሼል ሣር ውስጥ ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ሳይወጣ የቀረም ቱቦ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የማታው ፍተሻ አይበቃም፤ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ እንደገና ይታያል፣ ምክንያቱም በጠዋት ወደ ሜዳው ቀድመው የሚመጡት ልጆች ናቸው። አንድ ኃላፊ ረዳቱን የሚመዝነው በዚህ ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ሣሩን በእግሩ ብቻ ይረግጣል ወይስ ጎንበስ ብሎ ያያል?

ለመጀመር የወሰነ ሰው ድርጅቶቹን በጁን አይጠይቅ፤ ያኔ ማንም ቆሞ የሚያነጋግረው የለም። ስልጠና የሚሰጠውና ቡድን የሚዋቀረው ቀደም ብሎ ስለሆነ በአሜሪካው የብርድ ወቅት ማብቂያ ይጻፍላቸው። ሲያገኛቸውም ስንት ትከፍሉኛላችሁ ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከንቲባው በተቀመጠበት፣ ነፋሱ ወደ ተመልካቹ ቢዞር ትዕይንቱን የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? ስም ጠርተው የሚመልሱለት ድርጅት ዘንድ ይግባ። ያን ጊዜ እናያለን ካሉት ግን አመስግኖ ሌላ ይፈልግ።